ሁለቴ የምትረገጥ ፒክአፕ

የሳልህ ፒክአፕ ሁለቴ ካልተረገጠች አትቆምም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ይህን የማያውቅ ባለባጃጅ የለም፤ ከሩቅ ሲያዩዋት «ሁለቴዋ መጣች» ይሉና ዳር ይይዙላታል። መጀመሪያ ሲረገጥ ፔዳሉ ምንም ሳይከራከር እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ የበሰበሰ ማንጎ የመርገጥ ያህል ነው። እግርን አንስቶ ቶሎ ሲደግሙት ጠንከር ይልና ትቆማለች። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ጊዜ የሾፌሩ ነው፤ የፈለገውን ሊያስብበት ይችላል።

ሳልህ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የገደለው ጉበቱ ነው፤ ፍሬኑ የለበትም። ከዚያ ወዲህ መኪናዋን የሚነዳት ታናሽ ወንድሙ አብዱልሃዲ ነው፤ ባለቤቷ ግን የሳልህ ሚስት ሙሀባ ናት። አብዱልሃዲ ከቀወት ገጠር ማሾና ሽንኩርት ያመላልስባታል። አገሩ ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ ብዙ ነገር ይቅር ይባላል።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እለጥፋለሁ፣ ነፋስ እሞላለሁ። ቦታዬ ከጋሽ ግርማ ጋራዥ ጋር አንድ የኒም ዛፍ ይጋራል፤ እስከ ቀትር ጥላው የእሳቸው ነው፣ ከቀትር በኋላ ወደ እኔ ይዞራል። ጋሽ ግርማ ጢም ሳያወጡ መካኒክ የሆኑ ሰው ናቸው። መኪና ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚታያቸው ከእሳቸው በፊት የነካው መካኒክ ያጠፋው ጥፋት ነው። የሳልህ ፒክአፕ ግን ታስቸግራቸዋለች፤ ከእሳቸው በፊት የነኳት እሳቸው ናቸው።

ዓርብ ጠዋት አብዱልሃዲ መኪናዋን ይዞ መጣ። ሙሀባ ጋቢና ውስጥ ነበረች። ወርዳ ጋሽ ግርማን ሰላም አለቻቸው። ከሳልህ ሞት በኋላ የሙሀባ ድምፅ አንድ ከፍታ ላይ ቆሟል፤ ሰላም ስትልም፣ ስታዝንም፣ ፍየል ስታባርርም ያው ነው።

«ጋሽ ግርማ፣ እሁድ የሲሃምን ዕቃ ይዘን ደብረ ብርሃን እንወጣለን» አለች።

ሲሃም ልጇ ናት። ኒካሟ ታስሯል፤ ባሏ ደብረ ብርሃን ሱቅ አለው።

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። በምን ትወጣላችሁ?»

«በዚችው። አባቷ አላህ ይርሐመውና፣ የልጄ ዕቃ በሰው መኪና አይሄድም ብሎ ነበር።»

ጋሽ ግርማ ፒክአፗን አዩዋት። «መውጣቱን ትወጣላችሁ። ዳገት ፍሬን አይጠይቅም» አሉ።

«እንመለሳለን እኮ።»

«እሱ ነው እንጂ ነገሩ።»

«ጋሼ፣ እኔ ለምጃታለሁ። ሁለቴ እረግጣለሁ» አለ አብዱልሃዲ።

«ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ሦስተኛውን የሚረግጥልህ መልአክ ቀጥረሃል?»

ሙሀባ ሁለቱንም አላየቻቸውም። «ወይ በአንዴ ትያዝ፣ ወይ ዕቃው በኪራይ መኪና ይሂድና ይቺ እደጄ ላይ ትቁም። በዚህ ፍሬን ያንን ቁልቁለት አልወርድም። እሱንም አላስወርደውም። አንድ ቀብሬያለሁ፤ ይበቃኛል።» ይህን ያለችው ዛሬ ደመና የለም እንደሚል ሰው ነው። ከዚያ እኔ ጋ መጥታ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

ሥራው ተጀመረ። በክሪክ አንስቼ አራቱንም ጎማ ፈታሁላቸው። ጋሽ ግርማ ከሥር ተኙ፤ አብዱልሃዲ መሪው ኋላ ተቀመጠ። ዘይቱን የሚገፋውን ፍሬን ማስተር አምና ቀይረውታል፤ የኋላዎቹን ጎሚኒ፣ ዘይት የሚያግደውን ላስቲክም ቀይረዋል፤ ቱቦዎቹም አዲስ ናቸው። የቀረው አየር ነው። ዘይቱ መሐል አየር ከገባ ፔዳል ይለሰልሳል፤ አየር ይጨመቃላ፣ ዘይት አይጨመቅም። ስለዚህ አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ዘንድ ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ ያደርግና አየሩን ያስወጣል።

«ርገጥ!»

«ረገጥኩ!»

«ያዝ!»

«ያዝኩ!»

«እንዳትለቅ ብያለሁ!»

«አልለቀቅኩም ጋሼ!»

«ለምን ታዲያ ትንፋሽህ ይሰማኛል?»

በቀጭን ላስቲክ በኩል ወደ ውሃ ፕላስቲኩ የሚወርደው ዘይት እንደ ማር ጠርቶ ነው። አንዲት አረፋ የለችበትም። ጋሽ ግርማ ፕላስቲኩን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩና ረኩ። «ይኸው! አየር የሚባል ዘር የለም።» አብዱልሃዲ ረገጠ። ፔዳሉ ሰመጠ። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ንጹሕ ዘይት ወጣ፣ እንደገና ፔዳሉ ሰመጠ። ሁለቱ ነገሮች የሚተዋወቁ አይመስሉም ነበር።

ጋሽ ግርማ ከሥር ወጡ፤ ጀርባቸው የጋራዡን አፈር በሙሉ ይዞ ወጣ። ከእኔ ሁለት የከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ ለመኑና የፊት ጎማዎቹን የዘይት ቱቦ በቁራጮቹ ጠቅልለው በጉጠት አነቁ።

«አሁን ርገጥ።»

አብዱልሃዲ ረገጠ። «ወላሂ ጋሼ፣ ድንጋይ ሆነ።»

«ከፊት ነው እንግዲህ። ማስተሩ ነፃ፣ የኋላው ነፃ። ጠላታችን ከፊት ነው።»

ጠላትን ግን ማግኘት አልተቻለም። የግራውን ተንበርክከው መረመሩ። ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው ካሊፐር ደረቅ ነው፤ አያንጠባጥብም፤ የፍሬን ሸራው አልሳሳም። ዞረው የቀኙን አዩ። ያው ነው። የቀኙን አይተው የግራውን ደገሙ። ግራው ልክ እንደ ቀኙ፣ ቀኙም ልክ እንደ ግራው ነው። ሁለት ምስክር አንድ ዓይነት ቃል ሲሰጥ ዳኛ ምን ያደርጋል? ጋሽ ግርማም ተነሥተው እጃቸውን በናፍጣ ታጠቡ።

አብዱልሃዲ ለጁሙዓ ሄደ። ሙቀቱ የመንገዱን አስፋልት ያንቀጠቅጠው ጀመር። ሙሀባ እዚያው ጎማው ላይ ነበረች። ስልኳ ጮኸ።

«ወዬ ሲሃም ... አይ፣ ገና ነው። ቡፌውን አታውጪው። ... አላውቅም። ... ብርጭቆዎቹን ጠቅልለሻል? ... እንዲያው ጠቅልያቸው። በየትኛውም መኪና ቢሄዱ መጠቅለላቸው አይቀርም።»

ስልኩን ዘግታ ከፊቷ ያለውን መንገድ ማየት ቀጠለች። አላፊ አግዳሚውን አላየችም፤ መንገዱን ነው።

በዚህ መሐል ዳንኤል መጣ። ዳንኤል ቲማቲም ወደ አጣዬ የሚያወርድ ነጋዴ ነው፤ ፒክአፑ ከሳልህ ፒክአፕ ጋር አንድ ዓይነት ናት፤ ቀለሟ ብቻ ይለያል። የፊት ጎማው ተበስቶ እያነከሰ ነው የደረሰው። አንስቼ ጎማውን ፈታሁና ወደ ውሃ ገንዳው ወሰድኩት። ስመለስ ጋሽ ግርማ ጎማው በነበረበት ቦታ ፊት ቁጢጥ ብለው፣ እጃቸው ናፍጣ እያንጠባጠበ፣ ወደ ውስጥ አፍጥጠዋል።

«ጋሼ፣ የተበሳው ጎማዬ ነው» አለ ዳንኤል።

«ዝም በል።»

«ፍሬኔ ደህና ነው።»

«እሱን ነው የማየው። ደህና ፍሬን ካየሁ ቆይቻለሁ።»

«ቲማቲሙ ሊፈርስብኝ ነው።»

«ቲማቲም ለመፍረስ የእኔን ማየት አይጠብቅም።»

ተነሡና ወደ ሳልህ ፒክአፕ ሄዱ። ተንበረከኩ። ወደ ዳንኤል ተመለሱ። ተንበረከኩ። ሦስተኛ ሲመላለሱ ዳንኤል ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ጾሙ ነው እንዲህ ያደረጋቸው?» አለኝ።

ጋሽ ግርማ ጠሩኝ። የዳንኤል ካሊፐር ላይ አየር ማስወጫዋ ብሎን ከላይ ናት፤ ሰማይ ታያለች። የሳልህ ግን ከታች ናት፤ መሬት ታያለች። በሁለቱም ጎን።

«አየር ወዴት ነው የሚሄደው፣ አንተ ሮቤል?»

«ወደ ላይ።»

«ጭስ የሞላበት ቤት ጣሪያውን ትተህ በበሩ ሥር ቀዳዳ ብትከፍት ጭሱ ይወጣልሃል?»

«አይወጣም።»

«አይወጣም። አየሩ ላይ ቤት ተኝቷል፤ እኛ ከምድር ቤት ንጹሕ ዘይት እንቀዳለን።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የግራው ቀኝ ገብቷል፣ የቀኙ ግራ። ሁለቱም ተሳስተው ነው ተስማምተው የሚዋሹት።»

«እና ከአምና ጀምሮ የቀዳነው ያ ሁሉ ዘይት ...» አልኩ።

ያዩኝ አስተያየት ጎማ እንድለጥፍ የሚመክር ነበር። ሄጄ ለጠፍኩ።

አብዱልሃዲ ከመስጊድ ሲመለስ ጋሽ ግርማ እጁን ይዘው ከኮምፕረሰሬ ኋላ ወሰዱት። ቦታው ምሥጢር ለማውራት አይመችም፤ እኔ እዚያው ነኝ።

«እነዚህን ካሊፐሮች ከመኪናዋ ያወረዳቸው ማን ነው?»

አብዱልሃዲ አንገቱን አከከ። «አጣዬ በተቃጠለች ዓመት ነው ጋሼ። ያኔ ካራቆሬ ነበርን። የመጣው ታጣቂ ሁሉ መኪና ይወስድ ነበር፤ የሄደውም ይወስድ ነበር። ሰው መኪናውን እንዳይነዱበት አንድ አንድ ነገር እየፈታ ይሸሽግ ነበር። አንዱ ባትሪውን፣ አንዱ መሪውን። መሪውን አቅፎ ደብረ ብርሃን ድረስ የተሰደደ ሰው አውቃለሁ። ሳልህ ግን፣ ጎማ ከሌላ መኪና ፈተው ይገጥሙባታል፣ ፍሬን የሌላትን ማን ይደፍራታል አለና ካሊፐሮቹን ፈታ። ከማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀበራቸው።»

«ስትመለሱ የገጠማቸውስ?»

«ሳልህ።»

«ሳልህ መኪና ያውቅ ነበር» አሉ ጋሽ ግርማ።

«ያውቅ ነበር።»

ኮምፕረሰሩ ራሱ ነፋስ ሞልቶ ጠፋ።

«ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎት፤ ዝም ብለው አቀያይሩት። እሷ የሳልህ እጅ የነካው ነገር ሁሉ ልክ ነው የምትል ሰው ናት። አየር ነበር ይበሏት።»

«አየር ነበር እኮ።»

«እኮ።»

ጋሽ ግርማ ተስማሙ። ሟችን ማሳጣት ነውር ነው አሉ። የሟቹን ስም ሲሸፍኑ የአንድ መካኒክ ስምም አብሮ መሸፈኑን ልብ ያሉ አልመሰሉም።

ወደ ሙሀባ ሄዱ።

«ምን ሆና ነው?» አለች።

«አየር ነው።»

«እሱንማ ጠዋትም ብለውኛል።»

ጋሽ ግርማ ለመዋሸት ልምድ አላቸው፤ ለደንበኛ እንጂ ለሐዘንተኛ አይደለም። «የፋብሪካ አየር ነው» አሉ። «ማለቴ፣ ሲሠሯት ፊት ያሉትን ሁለቱን ካሊፐሮች ግራና ቀኙን አሳስተው ገጥመዋት ነው። አሁን እናቀያይረዋለን፤ ያልቃል።»

ሙሀባ በዚያው ድምፅ፣

«ፋብሪካው አይደለም» አለች። «አንደኛው ላይ ጨርቅ ነበረበት።»

«የምን ጨርቅ?» አለ አብዱልሃዲ።

«ሳልህ ከሽርጡ ቀዶ ያሰረው። ከስደት ስንመለስ ከጉድጓዱ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ እሱ ጣሪያውን እያየ ነበር። ሁለቱም ጭቃ ለብሰዋል። በናፍጣ አጠብኳቸው። ጨርቁ ቆሽሾ ነበር፤ ፈትቼ በሳሙና አጠብኩት፣ አሰጣሁት። ሲደርቅ መልሼ አሰርኩለት።»

ዳንኤል ጎማው ተገጥሞለት መሄድ ሲገባው ቆሞ ነበር።

«የቱ ላይ አሰርሽው?» አሉ ጋሽ ግርማ ቀስ ብለው።

«አንደኛው ላይ።»

«እትዬ፣ ጨርቁ የቀኙን ከግራው መለያው ነበር» አለ አብዱልሃዲ።

«አሁን ገባኝ። ያኔ ጉድጓዱ የጎረቤት ሁሉ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዕቃው ላይ ምልክቱን አስሮ ነው የቀበረው። እኔም ‹ይህ የእኛ ነው› ማለቱ መሰለኝ። ለሁለቱ አንድ ጨርቅ ይበቃል ብሎ መሰለኝ።»

«ለእሱ ነገርሽው?»

«ምኑን? ጨርቅ ማጠቤን?»

አብዱልሃዲ መሬት መሬት አየ። እሱም ሳልህ አለመሳሳቱን ሰምቶ ደስ ሊለው የፈለገ ይመስላል፤ ግን ደስታውን የሚያሳርፍበት ቦታ አላገኘም።

«ጉልበቱን ያመው ነበር» አለች ሙሀባ። «ከዚያ ወዲህ። ሁለቴ ሁለቴ እየረገጠ። ማታ በቅባት አሽለት ነበር። ዕድሜ ነው እያልኩ።» ጋሽ ግርማ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ እሷ ግን ቀጠለች። «አልሐምዱሊላህ፤ በዚያ አልሞተም። ጉበት ነው። ሐኪሙ ራሱ ነግሮኛል።»

«ጉበት ነው» አሉ ጋሽ ግርማ። «በጉበት ማንም እጅ የለበትም።»

«እንግዲህ ፍቱት።»

ፈታነው። የግራው ወደ ቀኝ ሄደ፣ የቀኙ ወደ ግራ መጣ። ብሎኖቹ ሰማይ አዩ። አብዱልሃዲ ሲረግጥ መጀመሪያ የወጣው ዘይት አልነበረም፤ ሳል ነበር። ከዚያ አረፋ መጣ፤ ነጭ፣ ማለቂያ የሌለው የሚመስል፣ በላስቲኩ ውስጥ እየተጋፋ። ጋሽ ግርማ «ርገጥ» ማለቱን ትተው ዝም ብለው ያዩት ነበር። አረፋው ሳሳ፣ ጠራ፣ ቆመ።

«ርገጥ።»

ፔዳሉ ከላይ ያዘ። አብዱልሃዲ እግሩን አነሣና እንደማያምን ሰው ደገመ። ያው ከላይ ያዘ።

መሞከሩ ግድ ነው። ሙሀባ ጠብቂ ስትባል እንቢ ብላ ጋቢና ገባች። ጋሽ ግርማ በር ላይ ተገፍተው ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣሁ፤ የገጠምኩት ጎማ ስለሆነ መብት አለኝ። ወደ ሮቢ ድልድይ ነዳን። ከድልድዩ በፊት አብዱልሃዲ ፍሬን ያዘ፤ እንደ ልማዱ፣ በሙሉ እግሩ።

መኪናዋ መሬት ውስጥ የተተከለች ያህል ቆመች። እኔ የጋቢናውን መስታወት በግንባሬ ሰላም አልኩት። አብዱልሃዲ ሁለተኛውን ቆማ ረገጣት። ከኋላችን የነበረው ባለባጃጅ ፍሬን እያስጮኸ ወደ ጎን ወጣና አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፦

«አንተ ሰውዬ! ሁለቴ አይደለም እንዴ የምትቆመው?»

«ተቀይሯል!» አሉ ጋሽ ግርማ በመስኮት።

«ታዲያ አይነገርም?»

ሙሀባ ሁለት እጇን ዳሽቦርዱ ላይ ተክላ ነበር። አላነሣቻቸውም። «በአንዴ ነው የያዘው?» አለች።

«በአንዴ ነው» አለ አብዱልሃዲ።

አንድ እጇን አነሣችና ስልኳን አወጣች። «ሲሃም፣ ቡፌውን አውጪው።»

እሁድ ጠዋት ሲያልፉ አየናቸው። ቡፌው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ተደግፎ፣ ከተማውን እያየ ሄደ። ሲሃም በእናቷና በአጎቷ መሐል ተቀምጣለች። አብዱልሃዲ ፊቱን ኮስተር አድርጎ የሚነዳው አዲስ መኪና እንደሚያለማምድ ሰው ነው። ጋሽ ግርማ ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ነበርና ቆመው እስክትሰወር አዩዋት። ስለ ፍሬኑ ምንም አላሉም። «ገመዱን አጥብቀውታል» ብቻ አሉ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ስልካቸው ጮኸ። እጃቸው ግራሶ ስለነበር እኔ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ያዝኩላቸው። አብዱልሃዲ ነው።

«የት ደረሳችሁ?» አሉ።

«አርማኒያ ጋሼ።»

«ጣርማ በሩስ?»

«ወረድነው።»

«ፍሬኑ?»

«እሱ ደህና ነው። እኔ ነኝ የማልረባው፤ እግሬ ገና ሁለት ይላል። ከጣርማ በሩ ዋሻ እስከ ደብረ ሲና ሰውነቴ ሁሉ ሲደግም ነበር።»

«እሷስ?»

አንድ ከባድ መኪና ጡሩምባ እየነፋ አለፈ። ከዚያ አብዱልሃዲ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተኝታለች።»

«የት?»

«እዚሁ፣ ጋቢና። ከዋሻው እንደወጣን። ጭልጥ ብላለች ጋሼ፤ አፏን ከፍታ።»

ጋሽ ግርማ ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ እኔ አዩ። «ቁልቁለቱን ሁሉ?»

«ቁልቁለቱን ሁሉ።»

«ለምን ቆምክ ታዲያ?»

«አንገቷ ተጣሞ ጭንቅላቷ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ይጋጫል። የወንድሜ ሚስት ናት፤ ልነካት አልችል። ወርጄ በውጭ በኩል ጃኬቴን በመስኮቱ አስገብቼ ደገፍኩላት።»

ጋሽ ግርማ እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ፤ ግራሶው በመጥረግ የሚለቅ አይደለም።

«ደግ አደረግህ። ቀስ ብለህ ና» አሉ። «ሰምተሃል? ፍሬን ስትይዝ በጣትህ ጫፍ ነው። እንዳትቀሰቅሳት።»